በቀላሉ የሚጸዳ መታጠቢያ ቤት ለምታሠሩ፦ የምመክረውና የማልመክረው

ሰሞኑን ቤታቸውን እየጨረሱ ያሉ ሦስት ጓደኞቼ አንዱን ጥያቄ አከታትለው ጠየቁኝ፦ «የትኛውን ሴራሚክ እንግዛ? የትኛው የሽንት ቤት መቀመጫ ይሻላል?» የእኔ መልስ ከሱቅ አይጀምርም። መታጠቢያ ቤት ለማጽዳት መቅለሉም መክበዱም የሚወሰነው ወለሉ በሚነጠፍበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የምንገዛው በረኪናና ብሩሽ ሁሉ የዚያን ቀን ስህተት ማስታመሚያ ነው።

ይህን የተማርኩት በእናቴ ጉልበት ነው። የመጀመሪያውን ቤታችንን የነጠፈልን ሠራተኛ ወለሉን ወደ ፍሳሹ ሳይሆን ወደ መቀመጫው ጀርባ አዘንብሎት ሄደ። ሻወር በተወሰደ ቁጥር ውሃው እዚያ ጥግ ይቋጥራል። መጀመሪያ ነጭ ቅርፊት ያዘ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጥቁር ሻጋታ አወጣ። እናቴ ቅዳሜ ጠዋት ተንበርክካ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ትፈገፍገው ነበር። ሁለተኛውን ስናሠራ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ ቆማ የምታጸዳው ክፍል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ተዳፋቱ። ወለሉ ወደ ፍሳሹ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያ ካነሰ ውሃው ይተኛል፣ በጣም ከበዛ ደግሞ እግር ያንሸራትታል። ሠራተኛው «አለው፣ አለው» ብሎ ስለማለ አትመኑ። እኔ የልጄን ብይ ይዤ ሄድኩና በአራቱም ጥግ አስቀመጥኳት። ከሦስቱ ጥግ ተንከባልላ ፍሳሹ ዘንድ ደረሰች፤ ከአራተኛው ግን ግድግዳው ሥር ቆመች። ያንን ጥግ አስነስቼ እንደገና አስነጠፍኩት። በማግስቱ አንድ ባልዲ ውሃ ደፍተን ከሩብ ሰዓት በኋላ ስናይ ወለሉ ላይ የቀረው እርጥበት ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት አድርጉት።

የክፍያው ነገር ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። በካሬ የሚከፈለው ሠራተኛ በፍጥነት ይጨርሳል፣ ምክንያቱም የሚያተርፈው በፍጥነቱ ነው። ለሳሎን ወለል ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ለመታጠቢያ ቤት ግን አልመክረውም። እኔ ለክፍሉ በሙሉ በአንድ ዋጋ ተስማምቼ ሲሶውን ከውሃ ሙከራው በኋላ እንዲወስድ አደረግኩ። ከካሬው ዋጋ በለጠብኝ፤ ያወጣሁት ግን አይቆጨኝም። የተነጠፈውን ሴራሚክ በሳንቲም ጫፍ መታ መታ ማድረግንም አትርሱ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከሥሩ ሲሚንቶ አልሞላም ማለት ነው፤ ነገ እዚያ ጋ ይሰነጠቃል፣ ውሃም ይገባዋል።

ቀጥሎ በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መስመር። አብዛኛው ሠራተኛ በነጭ ሲሚንቶ ይሞላዋል። ርካሽ ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንትም ያምራል፤ ነገር ግን ውሃና የሳሙና ቅባት ስለሚመጥ ብዙ ሳይቆይ ይጠቁራል። ለዚሁ ተብሎ በከረጢት የሚሸጠው የመገጣጠሚያ መሙያ ይሻላል፣ ቀለሙም ግራጫ ቢሆን እመርጣለሁ። አቅም ላለው ከሁሉም የሚበልጠው በኢፖክሲ፣ ማለትም ደርቆ በሚጠጥር ሙጫ፣ የተሠራው ነው፤ ውሃ አይመጥም፣ በረኪናም አይበላውም። ዋጋው ስለሚወደድ እኔ በሻወሩ ወለልና እስከ ወገብ ድረስ ባለው ግድግዳ ብቻ ተጠቀምኩበት። በኢፖክሲ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ግን እንዳይነካው፤ ቶሎ ስለሚደርቅ ሴራሚኩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ሴራሚኩን በተመለከተ፣ ዱከም ካለው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የሚወጣውንም ከውጭ የሚገባውንም አይቻለሁ። ለግድግዳ የአገር ውስጡ ይበቃል ባይ ነኝ። የሚያስፈልገው ካርቶኑን ከፍቶ ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥሞ ማየት ነው፤ መሐሉ የጎበጠ ከሆነ ጠርዙ አይገጥምም፣ ያልገጠመ ጠርዝ ደግሞ ቆሻሻ ይይዛል። ለወለል ፖርስሊን የሚባለውን ጠንካራ ሴራሚክ ውሰዱ። የሚያብረቀርቀው ሲረጥብ ያዳልጣል፣ ሸካራው ደግሞ ቆሻሻ ይዞ መጥረጊያ ያስቸግራል፤ ለስላሳ ሆኖ የማያንጸባርቀው ለሁለቱም መልስ ነው። መርካቶና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ምርጫው ሰፊ ነው፣ ዋጋም ይከራከሩበታል። የተሽቀረቀሩት ትልልቅ ማሳያ ሱቆች የሚጠቅሙት ተነጥፎ ምን እንደሚመስል ለማየት ነው።

እብነ በረድ ለሚያስቡ፦ አገራችን ውብ እብነ በረድ አላት፣ ለደረጃና ለመስኮት ደፍ እወደዋለሁ። ለመታጠቢያ ቤት ግን አይሆንም። ሎሚም አቼቶም ይበላዋል፣ የፈሰሰበት ቦታ ወዝ አጥቶ ይቀራል። ድንጋይ ከተፈለገ ግራናይት ይሁን።

መቀመጫውን ስትመርጡ ጎኑን እዩ። ከታች ጠመዝማዛ ቱቦው በውጭ የሚታየው ዓይነት በየእጥፋቱ አቧራና ፀጉር ይሰበስባል። ጎኑ እስከ ወለሉ ድረስ ዝግና ልሙጥ የሆነው በአንድ ጨርቅ ማለፍ ይጸዳል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ለማጽዳት ወደር የለውም፣ ሥሩ ባዶ ነውና፤ ሆኖም የውሃ ማጠራቀሚያው ግድግዳ ውስጥ ስለሚቀበር መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትግዙ። የመስታወት ሻወር ካቢን አልመክርም። የሚንሸራተትበት ሐዲድ የሳሙና ጭቃ ማከማቻ ነው። አንድ ቋሚ መስታወት ይበቃል።

ስለ ውሃው ሳላነሳ አላልፍም። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ከለገዳዲ ግድቡ ይልቅ ማዕድን ይበዛዋል፤ ስለዚህ በደቡብ አዲስ አበባ የምትኖሩ ነጭ ቅርፊቱን በይበልጥ ታዩታላችሁ። ድሬዳዋ ያለችው እህቴ ቤትማ የሻወሩ ቀዳዳዎች በየጊዜው ይደፈናሉ። በአቼቶ የተሞላ ፌስታል ሻወሩ ራስ ላይ አስራ ታሳድረውና ጠዋት ይከፈታሉ። ጥቁር ሴራሚክና ጥቁር ቧንቧ እንዲህ ባለ ውሃ እያንዳንዱን ጠብታ ያሳያል፣ ተዉት። ቧንቧ ስትገዙ በእጃችሁ መዝኑት፤ ከናስ የተሠራው ይከብዳል።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣልን ሰዎች በርሜሉን በንድፉ ውስጥ አናስበውም። በመጨረሻ ክፍት በተገኘው ጥግ ይቀመጥና ሥሩ እንደረጠበ ይቀራል። እኔ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የሲሚንቶ መቀመጫ አሠርቼ በሴራሚክ አለበስኩለት፣ ከበርሜሉ ግርጌም ቧንቧ አስገጠምኩ። አሁን በጆግ መጥለቅ የለም፣ ዙሪያውም ደረቅ ነው።

ኮርኒሱ የፒቪሲ ይሁን፤ ቺፕውድ በእንፋሎት ያብጣል። መስኮት ከሌለ ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ የግድ ነው፣ አለበለዚያ የነገርኳችሁ ሁሉ ከሻጋታ አያድናችሁም።

ለዘወትር ጽዳት ፈሳሽ ሳሙናና የውሃ መጥረጊያ ላስቲክ ይበቃሉ። እናቴ ከሻወር በኋላ ረጅም እጀታ ባለው ላስቲክ ግድግዳውንና ወለሉን ወደ ፍሳሹ ትጠርጋለች፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅባትም። በረኪና በሳምንት አንዴ፣ ያውም ቀጥኖ። ለቅርፊት አቼቶ። የሽንት ቤት አሲድ እኔ ቤት አይገባም። በረኪናን ከአሲድም ሆነ ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ አታቀላቅሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሊገድልም ይችላል። ቤት ውስጥ የምትረዳችሁ ሠራተኛ ካለች ይህን በግልጽ ንገሯት፣ ዕቃዎቹንም ለያይታችሁ አስቀምጡላት።

ሴራሚኩን ስትገዙ ደግሞ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ሁለት ካርቶን ጨምሩ። ያው ዓይነት በሌላ ጊዜ ሲመረት ቀለሙ ይለያል፤ እኔ የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ለአንዲት የተሰነጠቀች ሴራሚክ ተክለ ሃይማኖትን አዳርሼ የሚመስላት አጥቻለሁ።