አይ7 ብዬ የገዛሁት ኮምፒውተር 1 ኮር ብቻ ነው የሚያሳየኝ፣ ምን ላድርገው?

የፒያሳዋ ኤዲተር (ደሴ)

ሰላም ጀመዓው እንዴት ናችሁ። ነገሩ የገባው ካለ እስኪ ይንገረኝ እኔ ጨንቆኛል። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ነው የምሰራው፣ ሰርግ ኤዲት አደርጋለሁ። በቅርብ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ዴስክቶፕ አስመጣሁ፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7020 ነው፣ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ7 4790፣ ራም 16 ጂቢ፣ ኤስኤስዲ አለው፣ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበት ነው የመጣው። ሲበራ ምንም አይልም፣ ወርድ ምናምን ይከፍታል፣ ፕሪሚየር ስከፍት ግን ሞተ በሉት። አንድ የሰርግ ቪዲዮ ኤክስፖርት ላይ አድርጌ አቦል ቶና በረካ ጠጥተን ስንመለስ ገና 4 ፐርሰንት ላይ ነው፣ ማውሱ ራሱ እየተሰካካ ነው የሚሄደው፣ ከሱ በፊት የነበረን አሮጌ አይ3 በስንት ጣዕሙ!

ታስክ ማናጀር ገብቼ ፐርፎርማንስ የሚለው ጋ ሲፒዩውን ሳየው ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት) 1፣ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስራውን የሚሰራው ክፍል) 1፣ ሎጂካል ፕሮሰሰር (ትሬድም የሚሉት) 1 ይላል። ስሙን ግን ከላይ አይ7 4790 3.60 ጊጋኸርዝ ብሎ በትክክል ጽፎታል። ሁሌም 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ነው የማገኘው። ጉግል ሳደርግ ደግሞ ይሄ ፕሮሰሰር 4 ኮር 8 ትሬድ ነው ይላል። አንድ ቴክኒሻን ጋ ወስጄው ነበር፣ ሳይከፍተው "ኮሮቹ ተቃጥለዋል፣ ማዘርቦርዱም ሳይነካ አይቀርም፣ ሁለቱንም እንቀይረው" አለኝ፣ የጠራው ብር ደግሞ ኮምፒውተሩን ከገዛሁበት ብዙ አይርቅም። ሻጩ ስልክ ማንሳት ትቷል። ሙሽሮቹ ግን በየቀኑ ይደውላሉ 😩 ፎርማት ላድርገው ወይስ እውነትም ተቃጥሎ ነው?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ተቃጥሎ ነው እህት፣ መብራቱ እንደምታውቂው ነው ሄዶ ሲመጣ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው። ወይ ደግሞ ዊንዶውሱ 32 ቢት ይሆናል፣ 32 ቢት ብዙ ኮር አያነብም ሲባል ሰምቻለሁ። ኮር አንፓርክ የሚያደርግ ሶፍትዌር አለ እሱንም ሞክሪ።

ጋሽ ሬዲዮ (ደሴ)

ልጄ አትቸኩዪ፣ ብርሽንም ለማንም አታውጪ። ከአራት ኮር ሶስቱ ተቃጥለው አንዱ ብቻውን በሰላም ዊንዶውስ አስነስቶ ወርድ ሲከፍት እኔ በስራዬ አላየሁም። ፕሮሰሰር ሲበላሽ ወይ ጭራሽ አይነሳም ወይ እየተነሳ ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል። ያንቺ ሰላም ነው፣ የተዘጋበት ነገር አለ።

ቦርከና ደግሞ 32 ቢት ያልከው ራምና ኮር ተምታቶብህ ነው። 32 ቢት ዊንዶውስ ራም ላይ ነው 4 ጂቢ ላይ የሚያቆምሽ የሚባለው፣ ኮር ግን እስከ 32 ያነባል። ሆም ኤዲሽንም ቢሆን የሚገድበው ሶኬት ነው፣ ማለትም ሁለት ፕሮሰሰር የሚሰካባቸው ትላልቅ ወርክስቴሽኖች ላይ ሁለተኛውን አያይልሽም፣ ፕሮ ከሆነ ያያል። ያንቺ አንድ ሶኬት ስለሆነ ይሄ አይመለከትሽም። አንፓርክ የሚሉትንም ተይው፣ ፓርክ የተደረገ ኮር ተኝቶ ነው እንጂ ከቁጥር አይጎድልም፣ ታስክ ማናጀር ላይ ይቆጠራል።

እንግዲህ ኮር የሚደበቀው ሁለት ቦታ ነው፣ ወይ ዊንዶውስ ውስጥ ወይ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ። የቱ እንደሆነ ሳታውቂ ፎርማት ብታደርጊ ባዮስ ውስጥ ከሆነ ልፋትሽ ገደል ገባ። ስለዚህ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሲስተም ነው) ፍላሽ ላይ ጭነሽ (ሩፈስ በሚባለው ይሰራልሻል) ስታስነሺ ኤፍ 12 ተጭነሽ በፍላሹ አስነሺው። ኢንስቶል እንዳትዪው፣ ትራይ የሚለውን ብቻ ነው የምትመርጪው፣ ሃርድ ዲስክሽን አይነካም። ከዛ ተርሚናል ከፍተሽ ኤልኤስሲፒዩ ብለሽ በትንንሽ ፊደል አንድ ላይ ጻፊው። 8 ካለሽ ችግሩ ዊንዶውስ ላይ ነው፣ እዛም ካነሰ ባዮስ ነው።

ዊንዶውስ ውስጥ ደግሞ የዊንዶውስ ቁልፍና አር ተጭነሽ ኤምኤስኮንፊግ ብለሽ ክፈቺ፣ ቡት፣ ከዛ አድቫንስድ ኦፕሽን፣ ነምበር ኦፍ ፕሮሰሰርስ የምትል ሳጥን አለች። ምልክት ካለባት አንሺውና ሪስታርት። ይቺ ሳጥን ለፕሮግራመሮች ነው የተሰራችው፣ ሶፍትዌራቸው አነስተኛ ማሽን ላይ እንዴት እንደሚሆን የሚፈትኑባት። ግን በየዩቲዩቡ "ኮምፒውተራችሁን በእጥፍ ያፍጥኑ" እያሉ ሰው እንዲነካት ያደርጋሉ፣ ገና ስትነካ 1 ላይ ነው የምትቆመው፣ ቁጥሩን ከፍ ሳያደርግ ኦኬ ያለ ሰው በቃ ሁለት ጥማድ በሬ በረት አስሮ ባንድ በሬ ያርሳል። ዊንዶውስ ሳይነግሩት ያለውን ኮር በሙሉ ነው የሚጠቀመው፣ ምንም የሚጨመር ፍጥነት የለም። ከጎኗ ማክሲመም ሜሞሪ የምትል አለች፣ እሷም ምልክት ካለባት አንሺያት።

የፒያሳዋ ኤዲተር

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እድሜ ይስጥዎት። ያሉትን ሁሉ አደረግኩ። ኤምኤስኮንፊግ ላይ እውነትም ምልክት ነበረበት ቁጥሩም 1 ነበር!! አንስቼ ሪስታርት ሳደርገው አሁን ኮር 2 ሎጂካል ፕሮሰሰር 4 አለኝ። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው፣ ማውሱ ራሱ ነፍስ ዘራ። ግን አሁንም 4 ኮር አይደለም እኮ። ኡቡንቱውንም ሞከርኩት፣ እዛም ሲፒዩ 4፣ ትሬድ ፐር ኮር 2፣ ኮር ፐር ሶኬት 2 ነው የሚለው። ታዲያ ይሄ ማለት የቀሩት ሁለቱ እውነትም ተቃጥለዋል ማለት ነው? ወይስ ሻጩ ሌላ ፕሮሰሰር አስገብቶ ነው የሸወደኝ?

የሆጤ ልጅ

አብሽሪ፣ አልተሸወድሽም። ስሙን አይ7 4790 ብሎ የሚነግርሽ ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው፣ ያንን ሻጭ አይቀይረውም። ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ኡቡንቱም ዊንዶውስም እኩል 2 ካሉ ሁለቱም የሚሰሙት ከባዮስ ነው። ማለት ሁለት ቦታ ነው የተዘጋብሽ፣ ሰውየው በሩንም መስኮቱንም ዘግቶታል 😂

ስታስነሺው ኤፍ 2 እየደጋገምሽ ተጫኚ። በግራ በኩል ካለው ዝርዝር ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፈቺ፣ መልቲ ኮር ሰፖርት ይላል፣ እዛ 2 ላይ ተደርጎ ነው የሚሆነው፣ ኦል የሚለውን ምረጪና አፕላይ። እዛው ሃይፐር ትሬድ ኮንትሮል የሚል አለ እሱ ኢኔብልድ መሆኑን እዪ፣ ያንቺ ግን ባንድ ኮር 2 ትሬድ እያሳየ ስለሆነ ክፍት ነው።

አደራ ግን ሁለት ነገር። አንደኛ ሎድ ዲፎልት የሚለውን እንዳትነኪ። ሰው ሁሉ "ባዮሱን ሪሴት አድርጊው" ይልሻል፣ ዴል ላይ ዲፎልቱ የሳታ ኦፕሬሽን (ዲስኩ የሚነበብበት መንገድ) ሬይድ ኦን ነው፣ ዊንዶውስሽ ኤኤችሲአይ በሚባለው በሌላኛው መንገድ ላይ ሆኖ ተጭኖ ከሆነ ሪሴት ስታደርጊው ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ ብሎ ሰማያዊ ያወጣልሽና ከዛ ደግሞ ሌላ ጣጣ። የፈለግሽውን አንድ ቦታ ብቻ ነክተሽ ውጪ። ሁለተኛ ባዮስ አፕዴት አድርጊ የሚልሽ ከመጣ አትስሚው፣ ለዚህ ችግር አያስፈልግም፣ ዴስክቶፕ ባትሪ የለውም መሀል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ያኔ ነው በእውነት የሚሞተው፣ ያ ቴክኒሻን ያለሽ ነገር እውነት ሆኖ ቁጭ ይላል።

ሌላ ያልገባኝ ነገር፣ ዊንዶውሱን የዩቲዩብ ቪዲዮ አይቶ ነው እንበል፣ ባዮስ ገብቶ ኮር የሚዘጋ ሰው ግን የሚያውቅ ሰው ነው። ያለ ነገር አልዘጋውም። ከከፈትሽው በኋላ ኮር ቴምፕ ጫኚና ሙቀቱን ተከታተይ።

ኬአይኦቲ 3ኛ ዓመት (ኮምቦልቻ)

ይቅርታ ጥያቄ ውስጥ ገባሁ፣ እኔም ላፕቶፕ አለኝ አይ7 ነው ብለው ነው የሸጡልኝ፣ ኮር 2 ሎጂካል 4 ነው የሚለው። ኤምኤስኮንፊግ ላይ ምንም ምልክት የለም። የኔም ባዮስ ነው?

የሆጤ ልጅ

ሙሉ ቁጥሩን ጻፈው ወንድሜ።

ኬአይኦቲ 3ኛ ዓመት (ኮምቦልቻ)

አይ7 7500 ዩ

የሆጤ ልጅ

ያንተ ጤነኛ ነው፣ ከፋብሪካ ሲወጣም 2 ኮር 4 ትሬድ ነው። ይሄ ነገር ብዙ ሰው ያስበላል ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው ሌላም ሰው ያንብበው። አይ7 ማለት 4 ኮር ማለት አይደለም። ላፕቶፕ ላይ መጨረሻው ዩ የሆኑት እስከ 7ኛ ጀነሬሽን ድረስ አይ5ም ሆኑ አይ7 2 ኮር ናቸው፣ 5500 ዩ፣ 6200 ዩ፣ 6500 ዩ፣ 7200 ዩ ሁሉም። በዛው ጀነሬሽን አይ7 ሆኖ መጨረሻው ኤችኪው የሚል ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ አይ7 7700 ኤችኪው፣ 4 ኮር 8 ትሬድ ነው። በ2017 8ኛው ሲመጣ ነው ዩ ያላቸውም 4 ኮር የሆኑት፣ ስለዚህ አይ5 8250 ዩ ካንተ አይ7 በኮር እጥፍ ነው ዋጋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ሱቅ ውስጥ ስቲከር ብቻ አይታችሁ "አይ7 ነው" ሲባል ብር አትቁጠሩ፣ ሙሉ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ኢንቴል ድረ ገጽ ውስጥ አስገብታችሁ እዩት ከዛ ተደራደሩ።

የፒያሳዋ ኤዲተር

ተከፈተ!!! ኮር 4 ሎጂካል ፕሮሰሰር 8 🙏🙏 የሆጤ ልጅ እንዳልከው 2 ላይ ነበር የተደረገው። ግራፉን በቀኝ ተጭኜ ሎጂካል ፕሮሰሰር ላይ ሳደርገው ስምንቱም ሳጥን ይንቀሳቀሳል፣ ደስ ሲል።

ግን ደስታዬ አልቆየም። ኤክስፖርት ሳደርግ ፋኑ እንደ ጀነሬተር ይጮሃል፣ ኮር ቴምፕ ላይ ሙቀቱ ወዲያው 100 ይገባል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ወርድ ስሰራ ደህና ነው። እንደገና 2 ኮር ላይ ልመልሰው እንዴ?

ጋሽ ሬዲዮ (ደሴ)

አየሽ፣ ልጁ የጠረጠረው ይሄን ነው። የፊተኛው ባለቤት ሲሞቅበት ሲጠፋበት ማጽዳቱ ሰልችቶት ኮር ቀንሶ ነው የገላገለው። ኮር ሲቀነስ ሙቀት ይቀንሳል፣ ስራውም ይቀንሳል። አትመልሺው።

ይሄ ፕሮሰሰር በ2014 የወጣ ነው፣ በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ (ከላዩ ያለው ማቀዝቀዣ ብረት) መሀል ያለው ፔስት፣ ሙቀት አስተላላፊው ቅባት፣ ከተመረተ ጀምሮ ካልተቀየረ ደርቆ ጠጠር ሆኗል። ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ያም ካልበቃው ያጠፋዋል። ደሴ ብርድ ነው የጦሳ ተራራ ነፋስ አለ ብለሽ እንዳትዘናጊ፣ ፔስቱ ከደረቀ ብርዱ ለፕሮሰሰሩ አይደርሰውም።

ቴርማል ፔስት አንድ ትንሽ ሲሪንጅ ግዢ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ትንሽ አስነስተሽ ይሙቅ፣ ፔስቱ ይላላል፣ ከዛ አጥፍተሽ ገመዱን ከግድግዳው ንቀዪ። የፋኑን ገመድ ከቦርዱ አውጪ፣ አራቱን ብሎኖች በአንዴ ሳይሆን ትይዩ ትይዩውን እያልሽ ጥቂት ጥቂት ፍቺ፣ ሲላላ ሂት ሲንኩን ወደ ላይ በጉልበት ሳትስቢ ግራ ቀኝ አወዛውዢና አንሺው። ክንፎቹ መሀል ያለውን አቧራ በብሩሽ አውጪ፣ እዛ ውስጥ የሰፈሩ አፈር በሙሉ አለ። አሮጌውን ፔስት በአልኮልና በለስላሳ ጨርቅ ሁለቱም ላይ እስኪያብለጨልጭ ጥረጊ፣ አዲሱን የምስር ፍሬ የምታክል መሀሉ ላይ አድርጊና ሂት ሲንኩን ግጠሚ፣ ብሎኑን አሁንም ትይዩ ትይዩውን። በጣት አትቀቢው፣ ሲጫን ራሱ ይዘረጋል።

አንድ ነገር ብቻ፣ ፕሮሰሰሩን የያዘውን የብረት መቆለፊያ አትክፈቺ። ስሩ ያሉት መርፌዎች ቦርዱ ላይ ናቸው እንጂ ፕሮሰሰሩ ላይ አይደሉም፣ አንዷ ከታጠፈች ማዘርቦርድ ቀይሪ ነው። ፕሮሰሰሩ ባለበት ሆኖ ከላይ ብቻ ነው የምትጠርጊው።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ ይማሩን፣ እኔም ዛሬ የኔን ልከፍተው ነው። ፔስት ኮምቦልቻ ይገኛል ወይስ ደሴ ልምጣ?

ጋሽ ሬዲዮ (ደሴ)

ሞባይል ጠጋኞች ጋ ጠይቅ፣ እነሱም ይጠቀሙበታል። የጥርስ ሳሙና ቀባ የሚልህ ካለ ከኮምፒውተርህ አርቀው።

የፒያሳዋ ኤዲተር

ሰራሁት! ብሎኑ ትንሽ እጄን አመመኝ እንጂ ችግር የለውም። ከሂት ሲንኩ ውስጥ የወጣው አቧራ ትራስ ይሞላል ወላሂ፣ ፔስቱም እንዳሉት በጥፍር ነው የተፈቀፈቀው። አሁን ሙሉ ኤክስፖርት ላይ 70ዎቹ ውስጥ ነው፣ ጩኸቱም የለም፣ የመጀመሪያዎቹ ሙሽሮች ቪዲዮ አልቆ ፍላሽ ላይ ገልብጬላቸዋለሁ። ያ ቴክኒሻን ስልኬ ላይ "ማዘርቦርዱ መጥቷል ነይ" ብሎ ጽፎልኛል 😂

ሊኑክስ ብቻ

ዘግይቼ ነው ያየሁት ግን እኔ ዊንዶውስ የለኝም ኡቡንቱ ነው፣ ኤልኤስሲፒዩ 1 ብቻ ነው የሚለኝ፣ ባዮሱ ላይ ሁሉም ክፍት ነው። ስጭነው ላፕቶፑ እየደረቀብኝ አንድ ልጅ ግራብ (ሊኑክሱን የሚያስነሳው) ላይ ኤሲፒአይ ኦፍ የሚል አስገብቶልኝ ነው የተነሳው።

የሆጤ ልጅ

እሷው ናት። ሊኑክስ ስንት ኮር እንዳለ የሚያነበው ከኤሲፒአይ ሰንጠረዥ (ባዮሱ ስለ ማሽኑ ክፍሎች የሚሰጠው ዝርዝር) ነው፣ እሱን ስትዘጋበት አንዱን ብቻ ይዞ ይነሳል። ኢቲሲ ዲፎልት ስር ያለውን የግራብ ፋይል ክፈትና ኤሲፒአይ የምትለዋን አጥፋት፣ አፕዴት ግራብ ብለህ ሪስታርት አድርግ። ኖላፒክ ወይም ማክስሲፒዩስ የሚል ካለም አውጣው። ከዛ እንደገና ከደረቀብህ ግራፊክሱ ነው፣ በተለይ ኤንቪዲያ ካለው፣ በሷ ፋንታ ኖሞድሴት ብለህ አስነሳና ድራይቨሩን ጫን። አልሆን ካለህ የላፕቶፑን ሞዴል እዚህ ጻፍልኝ።