በአማተር ራዲዮ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት በ7 ሜጋኸርትዝ፦ ፒኤስኬ31 ቀን ጥሩ ነው፣ ማታ ጽሑፉ ይበላሻል

ደጋ ሞገድ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሸዋ ሮቢት ካለ ጓደኛዬ ጋር በኪቦርድ እንጻጻፋለን፤ ሁለታችንም የአማተር ራዲዮ ፈቃድ አለን። ቪኤችኤፍን (ቀጥታ የሚሄደውን ከፍተኛ ድግግሞሽ) የጣርማ በር ተራራ ስለሚጋርደው 7 ሜጋኸርትዝ ላይ ነን፤ ሶፍትዌሩ ኤፍኤልዲጂ፣ ሞዱ (ጽሑፉ የሚላክበት ዘዴ) ፒኤስኬ31፣ ጉልበቱ 25 ዋት። ቀን ጥርት ብሎ ይነበባል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ወዲያ ግን ዋተርፎሉ (ሲግናሉን በቀለም የሚያሳየው መስኮት) ላይ መስመሩ ደማቅ እንደሆነ የሚወጣው ጽሑፍ ዝብርቅርቅ ነው። ሴቲንግ ነው ወይስ ሞዱ? ሁለት ነገር ልጨምር፦ በፊደላችን መጻፍ ይቻላል? ደግሞ ማስተላለፍ ስጀምር አልፎ አልፎ ላፕቶፑ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርዱን ይጥለዋል።

ቆላ ጫፍ፦
መስመሩ ደምቆ ጽሑፉ ከተበላሸ ጉልበት አላነሰህም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በእኛ አካባቢ ነው የሚያልፈው። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ከኛ በላይ ያለው የአዮኖስፌር (ሞገዱን ወደ ምድር የሚመልሰው የላይኛው አየር) ኤፍ ንብርብር ይናወጣል፤ ስፕሬድ ኤፍ የሚሉት ይህንን ነው። በመስከረምና በመጋቢት ግድም ይብሳል። ሞገዱ በብዙ መንገድ ተበታትኖ ስለሚመለስ ፌዙ (የሞገዱ የምት አቀማመጥ) ይንቀጠቀጣል። ፒኤስኬ31 ደግሞ ያለው ፌዝ ብቻ ነው፤ በሰከንድ 31.25 ቢት ይልካል፣ ስሕተት የሚያርምበት ምንም ነገር የለውም። 100 ዋት ብታደርገው የተንቀጠቀጠው ፌዝ ጎልቶ ይሰማል እንጂ አይረጋም።

ለማረጋገጥ የኤፍኤልዲጂን የፌዝ ክብ ተመልከት። ደህና ሲግናል ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። ማታ በየአቅጣጫው የሚዞር ከሆነ ሰማዩ ነው። ቀንም እንዲሁ የሚዞር ከሆነ ግን ወደ ራዲዮህ ተመለስ።

መፍትሔው ኦሊቪያ የሚባለው ሞድ ነው። መረጃውን በፌዝ ሳይሆን በየትኛው ድምፅ እንደተላከ ነው የሚለየው፤ ስሕተት ማረሚያም አለው። 8/250 (8 ድምፅ በ250 ኸርትዝ ስፋት) ጠንካራ ቢሆንም በሰከንድ 1.5 ፊደል ገደማ ብቻ ነው፤ ለወሬ ያሰለቻል። በ8/500 ጀምሩ፣ በሰከንድ 3 ፊደል ገደማ ይሰጣችኋል። ጽሑፉ መቆራረጥ ሲጀምር ወደ 8/250 ውረዱ። ጓደኛህ ጽፎ ሲጨርስ የመጨረሻዎቹ ፊደላት ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ነው የሚወጡት፤ ቶሎ ብለህ ከጀመርክ አንተው ትቆርጣቸዋለህ። አርኤስአይዲውን (የሞዱን ማንነት የሚናገረውን ምልክት) በሁለቱም በኩል አብሩት፣ ሞድ ስትቀይሩ የሌላው ኮምፒውተር ራሱ ይከተላል።

ራዲዮው 7 ላይም ቢሆን ዩኤስቢ ሳይድባንድ (የላይኛው ጎን፤ ከዩኤስቢ ገመዱ ጋር አይገናኝም) መሆን አለበት። ተራው ፒኤስኬ31 በኤልኤስቢም (የታችኛው ጎን) ስለሚነበብ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ይቀራል፤ ኦሊቪያ ግን አንዱ ወገን ከተገለበጠ ምንም አይወጣም። ዳያሉን (ራዲዮው ላይ የሚታየውን ድግግሞሽ) 7.040 ሜጋኸርትዝ ላይ አድርጋችሁ ዋተርፎሉ ላይ 1,000 ወይም 1,500 ኸርትዝ ብትይዙ ከ7.040 እስከ 7.047 ባለው የዲጂታል ክፍል ውስጥ ናችሁ።

ሌሊቱ ሲገፋ የሚሆነው ሌላ ነው፤ ሲግናሉ ራሱ ይጠፋል። 7 ሜጋኸርትዝ ወደ ላይ ሄዶ አይመለስም። ያኔ ወደ 3.580 መውረድ ነው።

ባለ ብየዳ፦
ኦሊቪያ ላይ እስማማለሁ፤ ግን የዩኤስቢው ጉዳይ ካልተፈታ ኦሊቪያ ያባብሰዋል፣ ምክንያቱም ያለ ፋታ ሙሉ ጉልበት ነው የሚያስተላልፈው። ባለ 100 ዋት ራዲዮ ከሆነ ከ30 ዋት አትለፍ።

በመጀመሪያ አንቴናውን ነቅለህ ባለ 50 ኦም ደሚ ሎድ (በአንቴና ፋንታ ጉልበቱን የሚውጥ ሬዚስተር) ግጠምና አስተላልፍ። ካርዱ ካልወደቀ ጥፋቱ በኮአክሱ (የአንቴናው ገመድ) ሽፋን ወደ ቤት የሚመለሰው አርኤፍ (የራዲዮ ሞገድ) ነው። አንቴናው ሥር አርጂ58 ኬብሉን 31 ሚክስ (የፌራይቱ ዓይነት) በሆነ ትልቅ የፌራይት (ይህን ሞገድ የሚያግድ ማግኔታዊ ሴራሚክ) ቀለበት ላይ 12 ጊዜ ጠምጥም። የዩኤስቢ ገመዱን ከ1 ሜትር በታች አድርገው፤ እሱንም ፌራይት ላይ ደጋግመህ ጠምጥመው። እየተከፈተ የሚገጠመውን ፌራይት አንዴ ብቻ ማሳለፍ በ7 ሜጋኸርትዝ ከጌጥ አይተናነስም።

በደሚ ሎድም ከወደቀ በራዲዮውና በላፕቶፑ መሀል ያለውን የግራውንድ ግንኙነት ቁረጥ፦ ለመስሚያና ለመላኪያ አንድ አንድ ባለ 600 ኦም 1 ለ1 ትራንስፎርመር፣ ለፒቲቲ (ማስተላለፊያውን የሚያስነሳው መስመር) ፒሲ817 ኦፕቶካፕለር (በብርሃን ብቻ የሚያገናኝ ቺፕ) ከ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር። የምትገባው በማይክ ሶኬት ከሆነ 10 ኪሎ ኦም በተከታታይ፣ 100 ኦም ወደ ግራውንድ፤ የላፕቶፕ ኦዲዮ ለማይክ በጣም ብዙ ነው። የዊንዶውስን ድምፆች ዝጋ፣ ኮምፕሬሰሩን አጥፋ። ኦዲዮውን ኤኤልሲው (ራዲዮው ላይ ያለው የድምፅ መብዛት ጠቋሚ) መነቃነቅ እስኪጀምር ከፍ አድርግና እንደገና ጸጥ እስኪል መልሰው።

ለዚህ ርቀት ከፍ ያለ አንቴና አያስፈልግም፤ ቀጥታ ወደ ላይ ልኮ መቀበል ነው። አንድ የባሕር ዛፍ አጣና ላይ 5 ሜትር አካባቢ፣ በእያንዳንዱ ወገን 10.5 ሜትር ሽቦ ቆርጠህ ኤስደብሊውአሩ (ከአንቴናው የሚመለሰው ጉልበት መለኪያ) 7.040 ላይ እስኪወርድ በእኩል አሳጥር። ክረምት ላይ ከቤት ስትወጣ ለመብረቅ ኮአክሱን ነቅለህ ውጣ።

መንዝ ኪቦርድ (መሐል ሜዳ)፦
ስለ ፊደላችን፦ ኤፍኤልዲጂ በዩቲኤፍ-8 (የኮምፒውተር የፊደላት ኮድ) ይልከዋል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፣ የፒኤስኬ31 ኮድ ደግሞ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ስለሆነ አጫጭሩን ለእነሱ፣ ረጃጅሙን ለእኛ ነው የሰጠው። አንድ ፊደል ከ1 ሰከንድ በላይ ይወስዳል፤ ከሦስቱ ባይት አንዱ ከተበላሸ ፊደሉ በሙሉ ይጠፋል። ቀን ላይ ለሰላምታ ይሆናል። ለቁም ነገር አማርኛውን በላቲን ፊደል ጻፉት፣ ማታ ኦሊቪያ ላይማ ሌላ አማራጭ አትፈልጉ።

ጓደኛህ ሁልጊዜ ራዲዮው አጠገብ ካልሆነ ጄኤስ8ኮል የሚባለውን የመልእክት ሶፍትዌርም ሞክሩ፣ ዳያል 7.078። መልእክት አስቀምጦ ማቆየት ይችላል። የሚያስቸግረው ሰዓት ነው፤ የሁለታችሁ ኮምፒውተር ከ2 ሰከንድ በላይ ከተለያየ አይነበብም፣ ኢንተርኔት በሌለበት የዩኤስቢ ጂፒኤስ ግጠሙ። ሎጉ (የግንኙነት መዝገቡ) በዩቲሲ (የዓለም መደበኛ ሰዓት) ነው፦ በኛ የቀን ሰዓት ላይ 3 ደምር፣ የማታ ከሆነ 15፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት 17፡00 ነው። ግሪዱን (የቦታህን ኮድ) ሲጠይቅህ ደብረ ብርሃን ኬጄ99 ነው፤ እኛ ከ10 ዲግሪ የኬክሮስ መስመር በላይ ስለሆንን ኬኬ90 ነን። ሸዋ ሮቢት መስመሩ ላይ ስለተቀመጠች ጓደኛህ በጂፒኤስ አይቶ ያስገባ።

ደጋ ሞገድ፦
የፌዙ ክብ ማታ በሁሉም አቅጣጫ ይዞራል፣ ቀን ቀጥ ያለ ነው። በደሚ ሎድ ካርዱ አልወደቀም። ቀለበቱ እስኪገኝ በ10 ዋት 8/500 እንቀጥላለን።

ባለ ብየዳ፦
10 ዋት ይበቃል። ቀለበት ካጣህ ኮአክሱን ራሱን 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ጎን ለጎን 12 ዙር ጠምጥመው፤ እንደ ፌራይቱ ባይሆንም ለ7 ያግዛል። ዙሮቹ ተደራርበው አይጠቅለሉ።