ሲሞቅ የሚጠፋ የድሮ ሞተር፦ ከብልጭታው ነው ከቤንዚኑ?

መሪ ጨባጭ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ካርቡራተርና ፑንቲና (ኤሌክትሪኩን እየዘጋና እየከፈተ ብልጭታ የሚያስነሳ ኮንታክት) ያላት አሮጌ ናት። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፣ ሚኒሞዋም (ነዳጅ ሳይረገጥ የምትዞርበት) የተረጋጋ ነው። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ከተነዳች በኋላ ግን ትጠፋለች። ማስነሻው ሞተሪኖ ጥሩ አድርጎ ያዞራል፣ እሷ ግን እምቢ ትላለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆማ ስትቀዘቅዝ ምንም እንዳልነበረባት ትነሳና ያንኑ ትደግማለች። የሙቀት ጌጁ ከመሃል አያልፍም፣ ውሃም አትጠጣም። ካንዴላና የቤንዚን ፊልትሮ ተቀይሯል፣ ቦቢናውም (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው የመዳብ ሽቦ ጥቅል) በቅርቡ በአዲስ ተተክቷል። ካርቡራተሩ ይፈታ ወይስ ሌላ ቦታ ልፈልግ?

መፍቻ 13

ካርቡራተሩን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ የሚጠፋው ብልጭታው ይሁን ቤንዚኑ ለይ፤ ይህ የሚታወቀው ደግሞ እዚያው በጠፋችበት ቦታ፣ ሞተሩ ትኩስ እያለ ብቻ ነው። ጋራዥ እስክትደርስ ከቀዘቀዘች ሁሉም ነገር ደኅና ሆኖ ይገኛል፣ መካኒኩም በግምት ዕቃ መቀየር ይጀምራል።

አጠፋፏን አስተውል። ቁልፍ እንደተዘጋባት ድንገት ቀጥ ካለች ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪኩ ነው። ጉልበት እያነሳት፣ እየተንገጫገጨች፣ ነዳጅ ሲረገጥ ይበልጥ እየታፈነች ከሄደች ቤንዚን አጥሯታል። ጥቁር ጭስ ካለና ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ ከወጣ ደግሞ በዝቶባታል፤ ያኔ ቾኩ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አየር የሚያጠበው ክዳን) ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን እይ።

መኪናው ውስጥ አንድ ትርፍ ካንዴላና ቴስተር (ቮልትና ኦም መለኪያ) ይኑርህ። ስትጠፋ፦

የአንዱን ካንዴላ ገመድ ነቅለህ ትርፉን ካንዴላ ሰካበት፣ አካሉን ቀለም በሌለው የሞተር ብረት ላይ አስጠጋ፣ ረዳት ያስነሳ። በባዶ እጅ አትያዘው፣ ላስቲክ እጀታ ባለው ፒንሳ ያዝ። ከካርቡራተሩ ራቅ በል፤ የቤንዚን ሽታ ካለ ደግሞ እስኪተን ጠብቅ። ሰማያዊና ቷ የሚል ብልጭታ ጤነኛ ነው። ብርቱካንማ፣ ቀጭን ወይም አልፎ አልፎ የሚመጣ ከሆነ ችግርህ ተገኝቷል።

ብልጭታው ጥሩ ከሆነ ብቻ ወደ ቤንዚኑ ሂድ። የአየር ማጣሪያውን አንሣ፣ ሞተሩ ቆሞ የነዳጅ ማዞሪያውን (ፔዳሉ የሚስበውን) በእጅህ ሳብ፣ ወደ ካርቡራተሩ ጉሮሮ ተመልከት። ቀጥ ያለ ቀጭን የቤንዚን ጅረት ከተረጨ የካርቡራተሩ ጎድጓዳ (ቤንዚን የሚጠራቀምበት) ቤንዚን አለው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ፤ ቤንዚን ከረጨህ በኋላ ብልጭታ መሞከር እሳት መጥራት ነው።

ፊልትሮ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ ግን የቤንዚኑን ወገን ቶሎ አትዝጉት። ግማሽ ሰዓት ቆማ መነሳቷ ሁለት ነገር ያስጠረጥረኛል።

አንደኛው የሳልቫትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ክዳን ነው። የአየር ማስገቢያው ከተደፈነ ቤንዚን በወጣ ቁጥር ውስጡ አየር አልባ ባዶነት ይፈጠርና ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል። ስትጠፋ ክዳኑን ክፈት፤ ፉ ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሳች አለቀ።

ሁለተኛው ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ መፍላቱ ነው። የሜካኒክ ፖምፓ ከሞተሩ ጎን ስለሚታሰር ሙቀቱን ይጠጣል፣ ቱቦውም ብዙ ጊዜ በጭስ ማውጫው አጠገብ ያልፋል። ፖምፓው እንፋሎት መግፋት አይችልም። እርጥብ ጨርቅ ፖምፓውና ቱቦው ላይ ጠቅልል፤ በሁለትና ሦስት ደቂቃ ከተነሳች ቱቦውን ከሙቀቱ አርቅ። በካርቡራተሩና በኮሌክተሩ (ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያስገባው ቧንቧ) መሃል ያለው ወፍራሙ ሙቀት ከልካይ ጓርኒሲዮንም በቦታው መኖሩን እይ፤ ቀድሞ የፈታው ሰው በቀጭን ወረቀት ተክቶት ሊሆን ይችላል።

መፍቻ 13

የክዳኑ ሙከራ አንድ ሰከንድ ስለማይፈጅ ይደረግ። መፍላቱን ግን እጠራጠራለሁ። ቤንዚን በብዛት የሚፈላው ሞተሩ ጠፍቶ ከቆመ በኋላ ወይም በዝግታ ጉዞ ነው፤ በፍጥነት እየተነዳች አየር እያገኘች ከጠፋች ወደ ቦቢና እና ኮንደንሰር (ፑንቲናው ሲከፈት እንዳይቃጠል የሚጠብቀው ትንሽ ዕቃ) አደላለሁ። የተቀየረው ቦቢና ስንት ኦም ነው?

መሪ ጨባጭ

ዛሬ መንገድ ላይ፣ ሜዳው ላይ በሙሉ ፍጥነት እየሄደች ድንገት ቀጥ አለች። ክዳኑን ከፈትኩ፣ ለውጥ የለም። ብልጭታው ብርቱካንማ ነው፣ ይቆራረጣል። ቤንዚኑ ጥሩ አድርጎ ይረጫል። ቦቢናው ከመጋሉ የተነሳ በእጅ አይነካም። ቁልፍ ተከፍቶ፣ ፑንቲናው ዝግ እያለ በቦቢናው መግቢያ ላይ 11.8 ቮልት አለ። ገመዶቹን ነቅዬ በሁለቱ ትናንሽ ጫፎች መካከል ስለካ 1.8 ኦም ሰጠኝ። ፑንቲናው ተቃጥሎ ሰማያዊ ሆኗል፣ አንዱ ጎን ጉድጓድ ሌላው ጉብታ አውጥቷል።

መፍቻ 13

ተገኘ። የተተከለልህ ቦቢና ከሬዚስታንስ (ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ከሚቀንስ ዕቃ) ጋር እንዲሠራ የተፈበረከ ነው፣ መኪናህ ግን ሬዚስታንስ የላትም።

መዳብ ሲሞቅ ኦሙ በየዲግሪው ወደ 0.4 በመቶ ይጨምራል። ትኩስ ሆኖ 1.8 ያነበበ ቦቢና ሲቀዘቅዝ 1.5 ገደማ ነው። ሬዚስታንስ ለሌለው ባለ 12 ቮልት ሲስተም የሚያስፈልገው ግን ቀዝቃዛ ሆኖ 3 ኦም አካባቢ ነው። ሬዚስታንሱ በገመዱ ውስጥ ተደብቆም ሊሆን ይችል ነበር፤ ግን ፑንቲናው ዝግ ሆኖ 11.8 ማንበብህ እንደሌለ ይናገራል፤ ቢኖር ከ6 እስከ 8 ቮልት ታነብ ነበር።

ሞተሩ ሲሠራ 14 ቮልት ይገባዋል። በ3 ኦም 4.7 አምፔር ያልፋል፤ በ1.5 ኦም ግን 9.3። ሙቀቱም እጥፍ ነው። የጥቅሉ ሽፋን ሲግል ኤሌክትሪኩ ውስጥ ለውስጥ መሾለክ ይጀምራል፣ ብልጭታው ይደክማል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይይዛል። ፑንቲናውን ያቃጠለውም ይኸው ነው።

ባለ 3 ኦም ቦቢና ግጠም። 1.5 ኦም ሬዚስታንስ በተከታታይ መጨመርም ይቻላል፣ ግን ይኼኛው ቦቢና ስለተጠበሰ አላምነውም። ከገዛህ በኋላ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አትመን፣ በቴስተር ለካ።

ፊልትሮ

ፑንቲናውን በአሸዋ ወረቀት ፍቆ መመለስ አያዋጣም፤ ከኮንደንሰሩ ጋር ይቀየር። ጉድጓዱና ጉብታው የኮንደንሰር ምልክትም ነው፤ አብዛኞቹ ከ0.20 እስከ 0.25 ማይክሮፋራድ ናቸው። የኮንደንሰሩ ማሰሪያ ቪት የሚነካው ብረት ንጹሕ ይሁን፣ መሬቱ (ከሞተሩ አካል ጋር ያለው ግንኙነት) የሚገባው በእሱ ነውና። የፑንቲናው ክፍተት በብዙዎቹ ባለ 4 ሲሊንደሮች 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የመኪናዋ መጽሐፍ ካለ እሱ ይበልጣል። ክፍተቱ ሲነካ ታይሚንጉ (ብልጭታው የሚመጣበት ጊዜ) ስለሚዛባ ሁልጊዜ ክፍተት መጀመሪያ፣ ታይሚንግ ቀጥሎ። ፑንቲናውን የሚከፍተው ካም ላይ የክብሪት ራስ የምታህል ግሪስ አድርግ፤ ከበዛ ተፈናጥሮ ፑንቲናው ላይ ያርፋል።

መፍቻ 13

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍቶ ሬዲዮ መስማት ይቅር። ፑንቲናው ዝግ ሆኖ ከቆመ አዲሱም ቦቢና በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል።