የጋዝ ስቶቬ ቢጫ እሳት ያወጣል፣ ድስት ያጠቁራል፤ ከጋዙ ነው?

የማራኪዋ፦
ሰላም ጎንደሬዎች። ጣሊያን ያለችው እህቴ ዕቃ ስትልክ ባለ አራት ምድጃ የጋዝ ስቶቭ አብራ ላከችልኝ። መብራቱ እንደምታውቁት ነው፣ ከሰሉም ተወዷል፣ ስለዚህ ሲሊንደር ገዝቼ አስገጠምኩት። እሳቱ ግን ሰማያዊ አይሆንም። ረዥም ቢጫ ነው፣ ጫፉ ይወዛወዛል፣ የድስቱን ቂጥ በጥላሸት ይለብጠዋል። አንዷ ምድጃ ደግሞ ቁልፉን ተጭኜ ስይዘው ትበራለች፣ ስለቀው ድርግም። በር ዘግቼ ሳበስል ራሴን ያመኛል። የገጠመው ልጅ «ጋዙ ቆሻሻ ነው» ብሎኝ ሄደ። ጥምቀት ደርሷል፣ እንግዳ ይመጣብኛል። እውነት ከጋዙ ነው?

የአዘዞው፦
ራስ ምታቱን አልወደድኩትም። ጋዝ በቂ አየር ሳያገኝ ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። በየክረምቱ ከሰል አስገብቶ የተኛ ሰው የሚገድለው እሱ ነው፤ ሽታም የለው። ሲሊንደር ሲያፈስ የሚሸተው ሌላ ነው፣ ያ ሆን ተብሎ የሚጨመር ሽታ ነው። አይሸተኝም ብለሽ እንዳትዘናጊ። እስኪስተካከል ባትለኩሽው ይሻላል።

ባለ ቡሶላ፦
እህቴ፣ ጋዙ ንጹሕ ነው፣ ልጁ መገላገያ ነው የሰጠሽ። ሁለት የማይገናኙ ችግሮች ናቸው።

ቢጫው እሳት እንደምጠረጥረው ከጂግለሩ ነው፣ ማለትም ጋዙ ወደ ምድጃው ከሚወጣባት ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብሎን። ጣሊያን አብዛኛው ቤት ጋዝ በቧንቧ ነው የሚመጣለት፣ እሱም ሜቴን የሚበዛበት የተፈጥሮ ጋዝ ነው። የኛ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ቡቴንና ፕሮፔን ነው። ይኼ በተመሳሳይ መጠን ከተፈጥሮ ጋዙ ከሁለት እጥፍ በላይ ሙቀት ስለሚይዝና ግፊቱም ከፍ ስለሚል ጠበብ ያለ ቀዳዳ ነው የሚፈልገው፤ በሰፊው ቀዳዳ ስትለቂው ጋዙ ይበዛል፣ አየሩ ያንሳል፣ ያልተቃጠለው ጥላሸት ሆኖ ድስትሽ ላይ ይቀመጣል። በዚያ ላይ ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ አየራችን ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ ያባብሰዋል። (የባሕር ዳርቻ ስል ባሕር ዳርን አይደለም፣ የዚያ ሰዎች እንዳትመጡብኝ።)

ስቶቩ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቢ። «ጂ 20፣ 20 ሚሊባር» ካለ ለተፈጥሮ ጋዝ የተስተካከለ ነው። ጂ 30 ቡቴን፣ ጂ 31 ፕሮፔን ነው። ከዚያ የምድጃውን ክዳን አንሥተሽ ወደ ውስጥ እዪ፣ መሐል ላይ ትንሽ የነሐስ ብሎን አለች፣ ጂግለሯ እሷ ናት፣ አናቷ ላይ ቁጥር ተመቷል። ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት ነው፣ 115 ካለ 1.15 ሚሊሜትር ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከስቶቩ ጋር የሲሊንደር ጂግለሮች በትንሽ ላስቲክ ታሽገው ይመጣሉ። ካርቶኑን ጥለሽው ካልሆነ ፈልጊ።

የምትጠፋው ምድጃ ሌላ ጉዳይ ናት። ከእሳቱ አጠገብ ቀጭን ዘንግ ቆማለች፣ ቴርሞካፕል ይሏታል። እሷ ካልሞቀች ጋዙን ትዘጋለች፣ እሳት ሲጠፋ ቤቱ በጋዝ እንዳይሞላ ነው። ሽሮ ገንፍሎባት ይሆናል። ስቶቩ ሲቀዘቅዝ ጫፏን በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ጥረጊያት፣ እሳቱ የሚነካት መሆኑንም እዪ። ስትለኩሺ ቁልፉን ትንሽ ቆየት አድርገሽ ያዢው። ካልሆነ ትቀየር። ቁልፉን ተጭኖ እንዲቀር በሽቦ የሚያስሩ ሰዎች አሉ፣ እባክሽ!

እሙዬ፦
እኔ ስቶቬ ሲያስቸግረኝ ቀዳዳዋን በመርፌ ስወጋት ትስተካከላለች። ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል?

ባለ ቡሶላ፦
እሙዬ፣ የምድጃውን ዙሪያ ቀዳዳዎች ከሆነ ችግር የለውም፣ ውጊያቸው። ጂግለሯን ግን ተያት። ነሐስ ለስላሳ ነው፣ መርፌ ያሰፋዋል፣ የሰፋውን ደግሞ ማንም አያጠብልሽም። ከተደፈነች ፈትቶ በሳሙና ውኃ ዘፍዝፎ በአፍ መንፋት ነው።

የማራኪዋ፦
ጂ 20 ይላል!! ላስቲኩም በፕላስተር ከጀርባው ተለጥፎ ነበር፣ ውስጡ ትንንሽ ብሎኖች አሉ። ትልቁ ምድጃ ላይ ያለው 115 ነው፣ ላስቲኩ ውስጥ ካሉት ትልቋ 85 ናት። ራሴ ልቀይረው እችላለሁ?

ባለ ቡሶላ፦
እሱ ነው በቃ። መቀየሩ በ7 ቡሶላ (የብሎን መፍቻ ቁልፍ) የሚያልቅ ሥራ ነው፣ ግን ጋዝ የሚያውቅ ሰው ጥሪ፣ ምክንያቱም እሳቱ ሲቀነስ የሚቆምበትን ልክ የሚይዝ ብሎንም ከቁልፉ ሥር አለ፣ እሱም መስተካከል አለበት። የኦቭኑንም ጂግለር እንዳይረሳው። የትኛው ጂግለር ለየትኛው ምድጃ እንደሆነ መመሪያው ላይ ሰንጠረዥ አለ፣ ለሰውዬው አሳዪው።

ሲጨርስ ሳይሄድ ጎማውንና ሬጉሌተሩን (ሲሊንደሩ አናት ላይ ያለውን የግፊት መቀነሻ) ይፈትሽልሽ። ጎማው የተሰነጣጠቀ ከሆነ ይቀየር፣ ጫፍና ጫፉ በፋሼታ (የጎማ ማጥበቂያ ቀለበት) ይታሰር። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ ቀቡ፣ አረፋው እየተነፋ ከመጣ ያፈስሳል፣ ሲሊንደሩን ዝጉ። ይኼ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ሲያፈስ ወለል ለወለል ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ በሩን ክፈቱ፣ እዚያው ቡና የሚያፈላ ካለም ከሰሉን ይዞ ይውጣ። በክብሪት ልፈትሽ የሚል ባለሙያ ከመጣብሽ ሒሳቡን ሳትከፍዪ ሸኚው።