የአባቴን አሮጌ መጽሐፍ ሥዕልና ግጥም ላደርገው ጀምሬ ተበላሸብኝ፤ ምን ይሻላል?

ሕይወት (ጎተራ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። አባዬ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። ሞስኮ ውስጥ በፕሮግረስ ማተሚያ ቤት በአማርኛ የታተሙ፣ በደርግ ጊዜ በየቤቱ የነበሩ ዓይነት የፖለቲካ ኢኮኖሚ መጻሕፍት ትቶልናል። ከነሱ አንዱ ሁለት ቅጂ አለው። አንደኛውን ክረምት ላይ ጣሪያው አፍስሶበት ጠርዙ አብጧል። ማንም አያነበውም፤ እናቴ ግን ለቆራሌ እንዲሰጥ አትፈልግም፣ ኅዳጉ ላይ የአባዬ የእርሳስ ማስታወሻ አለበትና።

እናቴ ጥር ላይ ሰባ ዓመት ትሞላለች። በዚህ መጽሐፍ አንድ ነገር ልሠራላት አሰብኩ። ከየገጹ ጥቂት ቃላት ብቻ እንዲታዩ ትቼ ሌላውን በቀለም መሸፈን፣ መሃል መሃል ላይ ደግሞ የእሷንና የአባዬን ፎቶ መለጠፍ። ፈረንጆች ሲሠሩት ቪዲዮ ላይ አይቼ ነው። እነሱ መጀመሪያ ገጹን «ጌሶ» ይቀቡታል። እኔም ጀሶ ነው ብዬ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገዝቼ በውሃ በጥብጬ ቀባሁት። ሲደርቅ ገጹን ሳጥፈው ተሰነጣጥቆ ረገፈ። ሌላ ገጽ ላይ በማርከር ሞከርኩ፤ ሦስት ቅጠል አልፎ ገባ። አራት ፎቶ ስለጥፍ ደግሞ መጽሐፉ አልዘጋም አለኝ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ከሁሉም በላይ ቃሉ አይመጣልኝም። ትርፍ፣ ካፒታል፣ የምርት ኃይሎች። ከዚህ ውስጥ ለእናት የሚሆን ምን ይወጣል? እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

ብሩክ ሠዓሊ፦

ሕይወት፣ አይዞሽ። የጀሶው ነገር በስም የመጣ ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛ ነው፤ ድሮ ሠዓሊዎች ሸራና ጣውላ ላይ የሚቀቡት ነጭ መደብ በእርግጥም ከጀሶ ወይም ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከእንስሳት ሙጫ ይሠራ ነበር። አሁን ቪዲዮው ላይ ያየሽው ግን አክሪሊክ ነው፣ ፕላስቲክነት ስላለው ገጹ ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል። የግድግዳው ጀሶ ውሃ ሲነካው ድንጋይ ይሆናል። ወረቀት ይታጠፋል፣ ድንጋይ አይታጠፍም፤ ለዚህ ነው የረገፈው።

የሥዕል ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች አክሪሊክ ጌሶ ካጣሽ ነጭ አክሪሊክ ቀለም ይበቃል። በትንሽ ውሃ አቅጥነሽ፣ በሰፊ ብሩሽ፣ ስስ አድርገሽ ቀቢው። ይድረቅና ድገሚው። አንዴ አወፍራለሁ ካልሽ ወረቀቱ ይጨማደዳል። ስትቀቢ ከሥሩ ፌስታል ወይም የላስቲክ ወረቀት አስገቢ፣ ካለዚያ ቀጣዩ ገጽ ይጣበቃል። የዘይት ቀለም ግን በጭራሽ እንዳትነኪ። ዘይቱ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርግና ዙሪያውን ቢጫ ክብ ያወጣል፣ ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ያደርቀውና ይሰባበራል።

ማርከሩም የአልኮል ስለሆነ ነው ያለፈው። ምንም ቀለም ከመንካትሽ በፊት የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለ ባዶ ገጽ ላይ ሞክሪው፣ አምስት ደቂቃ ጠብቀሽ ጀርባውን እዪ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የአባትሽ እርሳስ ያለበትን ገጽ ገና አልቀባሽም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ቀለም ከገባበት አይመለስም። መጀመሪያ እያንዳንዱን ማስታወሻ ፎቶ አንሺ።

ሕይወት (ጎተራ)፦

አልቀባሁም፣ ተመስገን። የሞከርኩት መግቢያው ላይ ነው። ዛሬውኑ ፎቶ አነሳለሁ።

ጋሽ ጠራዡ፦

እኔ ሥዕል አላውቅም። ጥረዛ ግን ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። ልጄ፣ መጀመሪያ የመጽሐፉን ጀርባ ከላይ በኩል ተመልከቺ። ቅጠሉ በትናንሽ እጥፋት እጥፋት ሆኖ ከታየሽ በክር የተሰፋ ነው፤ ከአንዱ እጥፋት መሃል ስትከፍቺም ክሩን ታይዋለሽ። ቀጥ ብሎ የተቆረጠና በኮላ ብቻ የተያያዘ ከሆነ ግን ለዚህ ሥራ አይመችም፣ ሦስት አራት ጊዜ በደንብ ከተከፈተ ቅጠሉ ይረግፋል። እነዚያ የሞስኮ መጻሕፍት በእኔ እጅ ካለፉት ብዙዎቹ በክር የተሰፉና ጠንካራ ልባስ ያላቸው ናቸው፤ ያንቺም እንደዚያ ከሆነ ዕድለኛ ነሽ።

አልዘጋ ያለሽ ወረቀት ስለጨመርሽ ነው። የመጽሐፍ ጀርባ የተለካው ለነበረው ውፍረት ነው፤ የጨመርሽውን ያህል መቀነስ አለብሽ። ከየሦስቱ ቅጠል አንዱን አውጪ፤ ብዙ ፎቶ የምትለጥፊ ከሆነ ከየሁለቱ አንዱን። ግን ከሥሩ ጎትተሽ እንዳትነቅዪ! በተሰፋ መጽሐፍ አንድ ቅጠል ከክሩ ማዶ ካለው ጓደኛው ጋር አንድ ወረቀት ነው። ይሄኛውን ስትነቅዪ ያኛው ይላላል። ከስፌቱ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል ጉርድ አስቀርተሽ በማስመሪያና በካተር ቁረጪ፣ ከሥሩ ወፍራም ካርቶን አድርጊ። የካተሩ ምላጭ አዲስ ይሁን፤ የደነዘዘ ምላጭ ወረቀት ይቀድዳል እንጂ አይቆርጥም። አንዴ በኃይል ከመጫን ሦስት ጊዜ ቀለል አድርጎ ማለፍ ይሻላል።

ፎቶ የሚሸከመው ገጽ ደግሞ ነጠላ አይሁን፣ ሁለት ሦስት ቅጠል አንድ ላይ አጣብቂ። ነጩን የአናጢ ኮላ በጣም ስስ አድርገሽ ከመሃል ወደ ዳር ጥረጊው። በላስቲክ ወረቀት ለይተሽ፣ ከላዩ ከባድ ነገር ጭነሽ አሳድሪው። እኔ ጡብ በጨርቅ ጠቅልዬ ነበር የምጠቀመው።

ውሃ የነካው ጠርዝ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ካለው ሻጋታ ነው። ማስክ አድርጊና ውጭ አየር ላይ፣ በጥላ ሥር አድርቂው፣ ከዚያ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጊው። ሳይደርቅ ኮላ እንዳይነካው።

ወለተ መጽሐፍ፦

እኔ ይቅርታ አድርጉልኝና ሐሳቤን ልናገር። መጽሐፍ ሲቆረጥ ሳይ ሆዴ ይረበሻል። አያቴ መጽሐፍ መሬት ላይ ከወደቀ አንስታ ስማ ነበር የምታስቀምጠው። የሕይወትን ምክንያት ግን ተረድቻለሁ፣ ሁለተኛ ቅጂም አላት። ቢሆንም ይህን የሚያነቡ ሌሎች ስላሉ ልጠይቅ፦ ከመቁረጣችሁ በፊት መጽሐፉ ሌላ ቦታ መኖሩን እንዴት ታረጋግጣላችሁ? ብዙ የአማርኛ መጽሐፍ አንዴ ታትሞ ደግሞ ሳይታተም ቀርቷል እኮ።

ዳዊት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ወለተ መጽሐፍ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው። እዚህ አሜሪካ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን አማርኛ ስናስተምር ይህን ሥራ እንሠራለን። የእንግሊዝኛው ችግር የለውም፣ ቤተ መጻሕፍት ያስወገዳቸውን በርካሽ ይሸጣል። የአማርኛ መጽሐፍ ግን አንቆርጥም። ገጹን ፎቶ ኮፒ አድርገን ኮፒውን የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ላይ እንለጥፋለን። አዲስ አበባ ያለ ሰው ደግሞ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮቹን ይጠይቅ። ሻጩ «ይሄ አይገኝም» ካለ አይቆረጥ።

አሁን ወደ ቃሉ። ሕይወት፣ ያስቸገረሽ ቅደም ተከተሉ ይመስለኛል። ቀለም ከመንካትሽ በፊት ገጹን በእርሳስ ብቻ እዪው። ዓረፍተ ነገሩን አታንብቢ፤ ቃሉን ብቻ እየለቀምሽ በስሱ ክበቢ። የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ እኔ ከታች ነው የምጀምረው፦ መጀመሪያ ግሱን አገኛለሁ፣ ከዚያ ወደ ላይ እየወጣሁ ባለቤቱን እፈልግለታለሁ።

ፊደላችን ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። አይያያዝም። አንዱን ፊደል ብትሸፍኚ ሌላው ሙሉ ሆኖ ይቀራል። «አልመጣም» የሚል ቃል አገኘሽ እንበል፤ ፊትና ኋላውን ስትሸፍኚ «መጣ» ይሆናል። «ከልጅነቱ» ውስጥ «ልጅ» አለ። «ሰላምታ» ውስጥ «ሰላም» አለ። የእኔ ተማሪ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ይህን ስታገኝ ወንበሯ ላይ መቀመጥ አቃታት።

ያንቺ መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ «እናት ሀገር» የሚል አይጠፋም። «ሀገር»ን ሸፍኚ።

ሕይወት (ጎተራ)፦

ዳዊት!! አሁን ከፍቼ ፈለግሁ። አሥራ አንድ ቦታ አገኘሁ። እያለቀስኩ ነው የምጽፈው።

ዳዊት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

እግዜር ያጽናሽ እህቴ። አንድ ነገር ልጨምር። ቶም ፊሊፕስ የሚባል እንግሊዛዊ ሠዓሊ በፈረንጆች 1966 ለንደን ውስጥ አንድ የተረሳ የቪክቶሪያ ዘመን ልቦለድ በሦስት ፔኒ ገዝቶ ገጾቹን በሙሉ እንዲህ አድርጎ ሥሏል። የመጨረሻው እትም የወጣው በ2016 ነው፣ ሃምሳ ዓመት ማለት ነው። እሱ የተረፉትን ቃላት በቃላት መሃል ባለው ባዶ ቦታ በኩል በቀጭን ነጭ መስመር ያገናኛቸዋል፣ ልክ ወንዝ እንደሚፈስ። ዓይን ከየትኛው ቃል ወደየትኛው እንደሚሄድ ያውቃል። ይህን ብትሞክሪው እናትሽ ሳትቸገር ታነበዋለች። ፊደሉ ትንሽ ከሆነባቸው የተመረጠውን ቃል ዙሪያውን ሰፋ አድርገሽ ባዶ ተይው።

ትዕግሥት ጂ፦

እኔም ጥያቄ አለኝ፣ በሰው ርዕስ ገባሁ ይቅርታ። ከአያቴ የተረፈ አንድ የብራና ቅጠል አለኝ፣ ቀይና ጥቁር ጽሕፈት ያለው፣ ከላዩ ሐረግ የሚባለው ጌጥ ተሥሎበታል። ፍሬም ውስጥ አድርጌ ዙሪያውን በአክሪሊክ ብሠራበት ምን ይመስላችኋል?

ወለተ መጽሐፍ፦

እባክሽ አትንኪው! ቀዩ ብዙ ጊዜ የቅዱሳን ስም ነው፣ ሐረጉም የምዕራፍ መክፈቻ ይሆናል፤ እንዲያ ያለ አንድ ቅጠል ከየትኛው መጽሐፍ እንደተለየ ሊታወቅ ይችላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊሆን ይችላል፣ መጠበቁ ግን የያዘው ሰው ግዴታ ነው። የሚያውቅ ሰው ይየው፤ ለምሳሌ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስድስት ኪሎ ነው ያለው።

ብሩክ ሠዓሊ፦

እኔም እዚህ ላይ ከወለተ ጋር ነኝ። ትዕግሥት፣ ጥሩ ፎቶ አንሺውና ሥዕሉን በፎቶው ላይ ሥሪ። ሥዕልና ጽሕፈትን አንድ ላይ ማድረግ ለእኛ አዲስ አይደለም፣ ጠልሰም የሚባለው ምስጢራዊ ሥዕል ያለባቸውን ክታቦች ማየት ነው። ሠዓሊው ወሰኔ ወርቄ ቆስሮፍም ፊደልን ሸራ ላይ ሲያስጨፍር ኖሯል። ለመማር አሮጌውን ማጥፋት አያስፈልግም።

ሕይወት፣ ስለ ፎቶው ሳልነግርሽ፦ ዋናውን ፎቶ እንዳትለጥፊ። ርካሽ የመጽሐፍ ወረቀት አሲድ አለው፣ ለዚህ ነው ቢጫ የሚሆነው፤ ፎቶሽንም አብሮ ያበላሸዋል። ኮፒ አስነሺ፣ ያውም በሌዘር ማሽን። በቀለም የሚረጨው ፕሪንተር ከሆነ ኮላው ሲነካው የእናትሽ ፊት ይፈሳል።

ትዕግሥት ጂ፦

እሺ፣ ገብቶኛል። በጨርቅ ጠቅልዬ መለስኩት።

ሕይወት (ጎተራ)፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ጋሽ፣ መጽሐፉ በክር የተሰፋ ነው! አርባ ሁለት ቅጠል በጉርድ ቆርጬ አወጣሁ፤ አሁን አሥራ አራት ፎቶ ይዞ በደንብ ይዘጋል። ነጭ አክሪሊክ ሁለት እጅ ስስ ቀባሁ፣ አልተሰነጠቀም። አሥራ አንዱ «እናት» ሁሉም ቀርተዋል። በመጨረሻው ገጽ ከ«ሠራተኛው» ላይ የመጨረሻዋን ፊደል ብቻ ሸፍኜ «ሠራተኛ» አልኩት፣ ከታች ካለ «አልደከመም» ውስጥ ደግሞ «ደከመ» ልል ነበር፣ ግን ሙሉውን ተውኩት። «እናት ሠራተኛ አልደከመም» ሆነ። «አልደከመችም» መሆን ነበረበት፣ መጽሐፉ ውስጥ ግን አላገኘሁም። ምን ላድርግ? በእጄ ልጻፍ?

ዳዊት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

አትጻፊ። ካወጣሻቸው አርባ ሁለት ቅጠሎች ውስጥ «ች» ፈልጊ፤ «አልደከመም»ን እንዳለ ተዪው፣ «ች»ን ቆርጠሽ በ«መ» እና በመጨረሻዋ «ም» መሃል ለጥፊ። ቀለሙና ፊደሉ አንድ ስለሆነ አይታወቅም።

ጋሽ ጠራዡ፦

በመርፌ ጫፍ ኮላ ንኪያት፣ በጣት አይሆንም። የማስታወሻዎቹስ ገጽ ምን ሆነ ልጄ?

ሕይወት (ጎተራ)፦

አልነካኋቸውም ጋሽ። ዙሪያቸውን ብቻ ስስ ሰማያዊ ቀባሁ፤ የአባዬ እርሳስ እንዳለ አለ። አንዱ ላይ «ይህን ለአልማዝ አስረዳት» ይላል። አልማዝ እናቴ ናት። አሁን «ች»ን ልፈልግ ሄድኩ።