ሁለት ሄክታር ላይ በቆሎ ብቻ ሰለቸን፤ ከምን እንጀምር?

ሁለት_ሄክታር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፣ ታገሱኝ።

ሁለት ሄክታር መሬት አለን። እስካሁን የምናመርተው በቆሎ ብቻ ነው። በቆሎ ጥሩ ሰብል ነው፣ አላማርርም። ግን እኛም ጎረቤቱም በአንድ ሳምንት እንሰበስባለን፣ በአንድ ሳምንት ገበያ እንወጣለን፣ ዋጋውም በዚያው ሳምንት ይወርዳል። ሁለት ዓመት ተከታትሎ እንዲህ ሆነ። ካቻምና ደግሞ ዝናቡ ዘገየና ግማሹ ማሳ ፍሬ ሳይዝ ቀረ። በዓመት አንዴ ብቻ ገንዘብ ማየት፣ እሱም ሲበላሽ እስከሚቀጥለው ምርት ተበድሮ መኖር በጣም አድካሚ ነው።

ስለዚህ ሌላ ነገር ለመጨመር ወስነናል። ችግሩ ያሰብነው ነገር መብዛቱ ነው። የኦይስተር እንጉዳይ፣ ንብ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የእንቁላል ዶሮ፣ አቮካዶ፣ ለዘይት የሚሆን ላቬንደር። ባለቤቴ ስድስቱንም ትንሽ ትንሽ እንጀምር፣ አንዱ ባይሳካ ሌላው ይሳካል ይላል። የኔ ልብ ግን እንጉዳዩ ላይ ነው። ቪዲዮ ሳይ ሳይ እየነጋብኝ ነው።

ያለን ነገር ይሄ ነው፦ እኔ ሙሉ ቀን እሠራለሁ፣ እሱ ግማሽ ቀን፣ ቋሚ ሠራተኛ የለንም። የጉድጓድ ውሃ አለ፣ ግማሽ ሄክታር ቢያጠጣ ነው። አንድ ባዶ መጋዘን አለ። ከተማ ለመድረስ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ያጠራቀምናት ገንዘብ ትንሽ ናት፣ እሷ ከጠፋች ሌላ የለንም። የሞከራችሁ ካላችሁ የተሳካውን ብቻ ሳይሆን የከሰራችሁበትንም ንገሩኝ።

የድሮ_ገበሬ

ልጄ፣ ስድስቱን ባንዴ እንዳትጀምሩ። እኔ በአንድ ዓመት አራት ነገር ጀምሬ አራቱንም ግማሽ በግማሽ ነው የሠራሁት። ቲማቲሙ ሲደርስ ጥጆቹ ታመሙ፣ ጥጆቹን ሳስታምም ቲማቲሙ ማሳ ላይ በሰበሰ። መሬትም ውሃም አልጎደለኝም። የጎደለኝ እጅ ነበር።

ዛሬ ማታ ከባለቤትሽ ጋር አንድ ትልቅ ወረቀት አውጡ። አሥራ ሁለቱን ወር በሳምንት በሳምንት ከፋፍሉት። በቆሎው እጃችሁን የሚይዝባቸውን ሳምንታት በቀይ ቀቡ፦ እርሻው፣ ዘሩ፣ የመጀመሪያው አረም፣ ስብሰባው፣ ፍልፈላው። ከዚያ ያሰባችሁትን አንድ በአንድ ጫኑበት። የነጭ ሽንኩርቱ ነቀላ ከበቆሎው ስብሰባ ጋር ከተጋጨ ወይ የዘሩን ጊዜ ታዛውሪያለሽ፣ ወይ ትተይዋለሽ። ይህን ወረቀት ሳይሠሩ ዘር የገዙ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፣ «ጊዜ አልበቃንም»።

ሁለተኛው ወረቀት የሂሳብ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ ከሽያጩ ላይ ለዚያ ሥራ ብቻ የሚወጣውን ቀንሺ። ዘር፣ መኖ፣ መድኃኒት፣ ማሸጊያ፣ መጓጓዣ። የተረፈውን በሄክታር ካካፈልሽ በኋላ በሰዓትም አካፍዪው። በሄክታር ሲታይ የሚያጓጓ ሥራ በሰዓት ሲታይ የቀን ሠራተኛ ክፍያ እንኳ የማይደርስበት ጊዜ አለ። ደግሞ ሂሳቡን ሁለቴ ሥሪው፤ አንዴ እንደምትመኚው፣ አንዴ ምርቱ በግማሽ ቀንሶ ዋጋውም ወርዶ። በሁለተኛው ሂሳብ ያቺን ያጠራቀማችኋትን ገንዘብ የሚጨርስ ከሆነ አትንኪው።

ሐሳባችሁ ግን ትክክል ነው፣ እሱን ሳልልሽ አልለፍ። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ኢንተርፕራይዝ የምትባል ከተማ አለች። ሰዎቿ እ.ኤ.አ. በ1919 ለተባይ ሐውልት አቁመዋል። የጥጥ ፍሬ የሚበላ ጢንዚዛ ጥጣቸውን ቢያጠፋባቸው ገበሬዎቹ ወደ ኦቾሎኒ ዞሩ፣ ከጥጥ ብቻ መኖር ቀረና ኑሯቸው ተሻሻለ። ለዚያ ነው ሐውልቱ። እናንተ ተባይ ሳያባርራችሁ በጊዜ ማሰባችሁ ደስ ይላል።

ጭድና_ጥላ

እህቴ፣ እንጉዳይ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁንም እየሠራሁ ነው፣ ስለዚህ ልብሽ ለምን እንደሄደ በደንብ ይገባኛል። ቪዲዮዎቹ የሚዋሹት ስለ ማብቀሉ አይደለም። ማብቀሉ ይቻላል። ኦይስተር ከእንጉዳዮች ሁሉ ለጀማሪ የሚቀልል ነው፣ የበቆሎ አገዳና ቆረቆንዳ ላይም ይበቅላል። ትከትፊዋለሽ፣ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ በሆነ ሙቅ ውሃ አንድ ሰዓት ያህል ትነክሪዋለሽ፣ ሲቀዘቅዝና ውሃው ሲንጠፈጠፍ ዘሩን ቀላቅለሽ ከረጢት ውስጥ ትጠቀጥቂዋለሽ። ሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ነጩ ድር ከረጢቱን ይሞላዋል። ከዚያ እርጥበትና ንጹሕ አየር ነው የሚፈልገው። አንድ ኪሎ ደረቅ ጭድ በደንብ ከተያዘ ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ትኩስ እንጉዳይ ይሰጣል።

የመጀመሪያው ስህተቴ አየር ነው። እርጥበቱ እንዳይወጣ ብዬ መጋዘኑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። እንጉዳዩ ግንዱ ረዥም፣ ቆቡ ትንሽ ሆኖ ወጣ። እንጉዳይ እንደኛ ይተነፍሳል፣ የተቃጠለው አየር ካልወጣለት እንዲህ ይሆናል። ያ ታረመ።

ያልታረመው ሁለተኛው ነው። መጀመሪያ አመረትኩ፣ ከዚያ ገዢ ፈለግኩ። አርባ ኪሎ በሁለት ቀን ደረሰልኝ። እወስዳለሁ ያለኝ አንድ ነጋዴ ስልክ ማንሳት አቆመ። ትኩስ ኦይስተር ማቀዝቀዣ ውስጥም ቢሆን አንድ ሳምንት ብዙ ነው፣ ያለ ማቀዝቀዣ አንድ ሁለት ቀን። ለጎረቤት አከፋፈልኩ፣ የተረፈውን ኮምፖስት ላይ ደፋሁት። ያን ቀን አለቀስኩ ብል አላጋነንኩም። በቆሎ መጋዘን ገብቶ የተሻለ ዋጋ ይጠብቅልሻል፣ እንጉዳይ ማንንም አይጠብቅም።

ስለዚህ አሁን የምሠራበት ሕግ አንድ ነው። በሳምንት ምን ያህል እንደሚወስዱ ቀድመው የነገሩኝ ገዢዎች ቁጥር ነው የከረጢቶቼን ቁጥር የሚወስነው። በሃያ ከረጢት ጀምሪ። ሃያው ሳይሸጥ ሃያ አንደኛውን አትሙዪ። አንድ ነገር ደግሞ፦ ቆቡ ጠርዙ ሳይዘረጋ ልቀሚው፣ መጋዘን ስትገቢም የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አድርጊ። ካለፈበት በኋላ የሚበትነው ዱቄት ሳንባ ይጎዳል፣ ይሄን ቪዲዮው ላይ ብዙዎቹ አይናገሩም።

ቀፎ_በጥግ

ንቡን ስላነሳሽ ነው የመጣሁት። ማር የእንጉዳይ ተቃራኒ ነው። በደንብ የታሸገና የእርጥበት መጠኑ ከ18 በመቶ በታች የሆነ ማር ሳይቦካ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ስለዚህ ገዢ እስክታገኚ ያስታግሥሻል። መሬት አይሻማም፣ ቀፎው ጥግ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። በቆሎ ለንብ ምግብ አይደለም ማለት ይቻላል። በነፋስ ነው የሚዳቀለው፣ ንቦቹ የአበባ ዱቄቱን ይለቅሙለታል እንጂ ለማር የሚሆን የአበባ ወለላ የለውም። ሁለት ሄክታር በቆሎ መሃል ቀፎ አስቀምጠሽ ማር ብትጠብቂ ንቦቹ ይራቡብሻል። ከመግዛትሽ በፊት በቀፎው ዙሪያ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ምን እንደሚያብብ፣ መቼ እንደሚያብብ በእግርሽ ዞረሽ እዪ። ጎረቤት ምን እንደሚረጭም ጠይቂ። ረጪ ካለ፣ ንቦቹ ከገቡ በኋላ ማታ ማታ እንዲረጭ ከአሁኑ ተስማሙ። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ በአንድ ጠዋት ሁለት ቀፎ አጥቻለሁ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ አላወቀም ነበር፣ እኔም አልነገርኩትም።

አቮካዶ የምትተክሉ ከሆነ ግን ንብ ይጠቅማችኋል። የአቮካዶ አበባ ሁለቴ ነው የሚከፈተው፣ መጀመሪያ ሴት ሆኖ፣ በኋላ ወንድ ሆኖ። በመሃል የአበባ ዱቄቱን የሚያመላልስ ነፍሳት ካልመጣ ፍሬው ያንሳል።

ተጠንቀቁ_ባይ

ስለ ላቬንደር ማንም ስላልተናገረ እኔ ልናገር። እህት፣ አበባውን ማን ያጥንልሻል፣ ማለትም በእንፋሎት ዘይቱን ማን ያወጣልሻል? ዘይቱ ከአበባው ክብደት በጣም ትንሹ ነው፣ ስለዚህ ብዙ አበባና ማጠኛ መሣሪያ ይፈልጋል። በአቅራቢያሽ የሚያጥን ከሌለ ወይ መሣሪያውን ትገዣለሽ፣ ወይ አበባውን አድርቀሽ ትሸጫለሽ። ሁለቱም ሌላ ሥራ ናቸው። እኔ ብሆን ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ።

ሌላው፣ ዘር ወይም ጫጩት ወይም ችግኝ የሚሸጥልሽ ሰው «ምርቱን መልሼ ከአንቺ እገዛለሁ» ካለሽ ቆም ብለሽ አስቢ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ኢሙ የምትባለው ትልቅ ወፍ እርባታ እንዲህ ነበር የተቀጣጠለው። አርቢው ጥንድ ጥንድ አድርጎ ለአዲስ አርቢ ይሸጣል፣ አዲሱም ለሌላ አዲስ። ዋጋው ጣሪያ ነካ። ሥጋዋን ገዝቶ የሚበላ ሰው ግን ጥቂት ነበር። አዲስ አርቢ ሲጠፋ ገበያው ወደቀና ብዙ ቤተሰብ መመገብ ያቃተው ወፍ ይዞ ቀረ። ስለዚህ ጥያቄሽ ሁልጊዜ ይሄ ይሁን፦ መጨረሻ ላይ ይሄን ነገር አፉ ውስጥ የሚከተው ሰው ማነው?

እንቁላል_በየቀኑ

ባለቤትሽን ሁሉም ጫኑት፣ እኔ ትንሽ ላግዘው። መደባለቁ ትክክል ነው፣ ስህተቱ ባንዴ መሆኑ ነው፣ አንዱ ለሌላው የማይመግብ ስድስት ነገር መሆኑም ነው። አንዱ የጣለውን ሌላው የሚያነሳበት ከሆነ ግን ሦስት ሥራ እንደ አንድ ይሆናል።

በቆሎ አላችሁ። የዶሮ ሥራ ወጪ ከመቶ ስድሳ ሰባው መኖ ነው። አንዲት የእንቁላል ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል ትበላለች። ሃምሳ ዶሮ በዓመት 2 ቶን ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የራሳችሁ በቆሎ ሊሆን ይችላል። በቆሎ ብቻውን ግን አይበቃም፤ እንደ አኩሪ አተር ያለ ፕሮቲን፣ ለቅርፊቱም ካልሲየም ግድ ነው። በቆሎ ብቻ ያበላ ሰው እንቁላሉ ሲቀንስ ዶሮዋን ይወቅሳል። በቆሎው ገበያ ላይ ሲረክስ ደግሞ በእንቁላል መልክ ትሸጪዋለሽ፣ እኔን ያዳነኝ ይሄ ነው። ጫጩት ከገዛሽ እንቁላል እስክታዪ አምስት ወር ያህል መመገብ አለብሽ፣ ያን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጪ።

የዶሮው ፍግ ተብላልቶ ለነጭ ሽንኩርቱ ይሄዳል። ነጭ ሽንኩርት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የዘር ሽንኩርቱን ከማታውቂው ቦታ አትግዢ። ነጭ አበስብስ የሚባለው በሽታ አንዴ አፈር ከገባ ከ20 ዓመት በላይ ይቆያል። እኔ አንድ ጥሩ መደብ በዚህ አጥቼ እስካሁን የሽንኩርት ዘር አይገባበትም። አቮካዶውን ደግሞ የተዳቀለ (ቅርንጫፍ የተቀጠለበት) ችግኝ ገዝታችሁ፣ ውሃ የማይተኛበት ዳር ላይ አሥር ብቻ ትከሉ። በሦስተኛው በአራተኛው ዓመት ማፍራት ይጀምራል፣ እስከዚያ በመሃሉ ባቄላ ዝሩበት።

አሜሪካ ውስጥ የቱስኬጊ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ቡከር ቲ. ዋትሊ ለአነስተኛ ገበሬዎች ሲያስተምሩ ከሁሉ የሚያስቀድሙት ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ገንዘብ የሚያስገባ እርሻ ነበር። ደንበኛው የሚፈልገውን ብቻ አምርቱ፣ ደንበኞቻችሁን አስቀድማችሁ በአባልነት መዝግቡ ይሉ ነበር። ሃያ ቤተሰብ በየሳምንቱ አንድ ሰሃን እንቁላል ቢወስድልሽ፣ ሌላውን ነገር ሁሉ በዚያው ሳህን ጎን ታስተዋውቂያለሽ።

ሁለት_ሄክታር (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ፣ ከልቤ። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት ወረቀቱን ስሠራ ነው። አባቴ የድሮ ገበሬ፣ እርስዎ እንዳሉት ነቀላው ከበቆሎው ስብሰባ ጋር ተጋጭቶ አገኘነው። የዘሩን ጊዜ ማዛወር ስላልቻልን ነጭ ሽንኩርቱ ለዘንድሮ ቀረ፣ ሁለት መደብ ብቻ ለሙከራ። ላቬንደር ወጣ። ንብ ለሚቀጥለው ዓመት፣ መጀመሪያ ዙሪያውን እያየሁ የሚያብበውን ልመዝግብ።

ከተማ ወርጄ አሥራ አራት ቤትና አራት ምግብ ቤት ጠየቅኩ። እንጉዳይ በየሳምንቱ እወስዳለሁ ያሉት ሁለት ምግብ ቤቶች ናቸው፣ ተደምሮ አምስት ኪሎ። እንቁላል ግን አሥራ አንድ ቤት አሁኑኑ አምጪ አለኝ። ልቤ እንጉዳዩ ላይ ስለነበር ቅር አለኝ፣ ግን ቁጥሩ ይሄ ነው። ስለዚህ ሠላሳ ዶሮ፣ በመጋዘኑ ጥግ ደግሞ አሥር ከረጢት። በቆሎው በአንድ ሄክታር ተኩል ይቀጥላል፣ በቀረው ባቄላና አሥር አቮካዶ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የዶሮው ፍግ ሽንኩርት መደብ ላይ ከመግባቱ በፊት ምን ያህል ይቆይ?

እንቁላል_በየቀኑ

ጎበዝ! ፍጉን ከበቆሎ አገዳና ከደረቅ ቅጠል ጋር ቀላቅለሽ ክምር አድርጊው። ብቻውን ናይትሮጅኑ ስለሚበዛ ሥር ያቃጥላል። ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት፣ ሲቀዘቅዝ እያገላበጥሽ ደግመሽ አሙቂው። ሽታው ጠፍቶ አፈር አፈር ሲል ደረሰ ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ጥቂት ወራት ይፈጃል። ሳይብላላ ጥሬውን ከተጠቀምሽ ግን አፈር ለሚነካ ምርት የአሜሪካ የኦርጋኒክ ሕግ ከስብሰባው 120 ቀን በፊት አፈር ውስጥ እንዲገባ ያዛል፤ ያንን ለማንኛውም ያዢው። እንጉዳዩን ሰጥቶ የጨረሰውን የከረጢቱን ጭድም እዚያው ክምር ላይ ድፊው፣ አይጣልም።