አባቴ በሌለበት ወደ ቴአትር ፌስቲቫሉ ልሂድ ወይስ ዘንድሮ ልቅር?

ጥያቄ፦ ከ«እርሳስ»

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ወር ሆኖታል። ላለፉት 11 ዓመታት በከተማችን የሚካሄደውን የቴአትር ፌስቲቫል አንድም ዓመት ሳናጓድል አብረን ተመልክተናል። የፕሮግራሙ ወረቀት እንደ ወጣ እርሳሱን ይዞ ይቀመጥና መታየት ያለባቸውን በክብ፣ የማይታዩትን በሰረዝ፣ «እኔ አልወደውም፤ አንተ ግን ልታየው ይገባል» የሚላቸውን ደግሞ በጥያቄ ምልክት ይለያቸው ነበር። ቴአትሩ ሲያልቅ ከአዳራሹ በር እስክንወጣ ድረስ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ ከመድረክ የሰማው የመጨረሻ ቃል በወሬ እንዲሸፈንበት አይፈልግም ነበርና። በሩን ተሻግረን ጥቂት እንደ ተራመድን ግን ክርክሩ ይጀመራል፤ ቤት እስክንደርስም አያልቅም።

የዘንድሮው ፕሮግራም ባለፈው ሳምንት ወጣ። እኔም እንደ እሱ እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁና ምንም ምልክት ሳላደርግበት አጥፌ አስቀመጥሁት። በመክፈቻው ምሽት የሚታየው ቴአትር አልጋ ላይ ስለ ወደቀ አባትና ስለ ልጆቹ መሆኑን መግለጫው ይናገራል፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ አባቴ በሕይወት ቢኖር ያለ ጥርጥር በክብ የሚለየው አንድ ኮሜዲ አለ።

እንዲህ ባለ ሁኔታ ፌስቲቫል ላይ የተገኘ ሰው ካለ እንዴት እንደ ተወጣው ቢያካፍለኝ ደስ ይለኛል። እንደ ልማዳችን ሁለት ትኬት ገዝቼ አንዱን ወንበር ባዶ ለመተው አስቤያለሁ፤ ነገር ግን ይህ መታሰቢያ ይሁን ራስን ማሠቃየት መለየት አቅቶኛል። እንባ ቢያሸንፈኝስ ሌላውን ተመልካች እንዳልረብሽ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከ«መጋረጃ ጀርባ»

ያጽናዎት። በመድረክ ሥራ አስኪያጅነት ብዙ ዓመት ስለ ሠራሁ በባለሙያው ወገን ያለውን ልንገርዎት። እንባውን አይፍሩት። መድረክ ላይ ያለ ተዋናይ ብርሃኑ ዓይኑ ላይ ስለሚያርፍበት ከፊተኞቹ ጥቂት ረድፎች በስተቀር የተመልካቹን ፊት አያይም፤ ድምፁን ግን ይሰማል። ከድምፅ ሁሉ የሚያናድደውም የስልክ ጥሪና የከረሜላ ወረቀት ነው እንጂ የሰው ሲቃ አይደለም፤ እንዲያውም ሲቃ ሲሰማ እየተደመጠ መሆኑን ያውቃል።

ወንበር ሲመርጡ ከመተላለፊያው ዳር፣ ወደ በሩ ቀረብ ያለውን ይያዙ። መውጣት ካስፈለገዎት ትዕይንት ተቀይሮ መብራቱ ሲጠፋ ሳይሆን፣ ብርሃኑ ተመልሶ ተዋንያኑ መነጋገር ሲጀምሩ ይውጡ፤ በጨለማ ደረጃ ስተው የወደቁ ሰዎችን ስላነሣሁ ነው ይህን የምለው። በፌስቲቫል ጊዜ ደግሞ አንዱ ቡድን ዕቃውን ሳያነሣ ሌላው በጓሮ በር ቆሞ ስለሚጠብቅ ሰዓቱ ጥብቅ ነው፤ አንዳንድ አዳራሽ የወጣን ሰው መልሶ አያስገባም፤ አንዳንዱም በሩ ከመድረኩ ጎን ስለሆነ የሚወጣው ሰው የትዕይንቱ አካል ይሆናል። ስለዚህ አስቀድመው ይጠይቁ። በዚያው አጋጣሚ ስለ መክፈቻው ቴአትር ትኬት የሚሸጡትን ሰዎች «አባትየው መድረክ ላይ ይሞታል? እረፍት አለው?» ብለው ቢጠይቁ ነውር የለውም፤ ባያውቁ እንኳ ከአዘጋጁ ጠይቀው ይነግሩዎታል።

መልስ፦ ከ«ባለ ሁለት ትኬት»

ባዶ ወንበሩን እኔ ሞክሬዋለሁና የሆነውን ልጻፍልዎት። እናቴ ባረፈች በዓመቱ ሁለት ትኬት ገዛሁ፤ በአንደኛው ወንበር ላይ ሻርፗን አጥፌ አስቀመጥሁ። ቴአትሩ ሊጀመር ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀረው አስተናጋጁ ባትሪውን ወደ ወለሉ አብርቶ ጎንበስ አለና «ይህ ወንበር ሰው አለው?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። ትኬቱ በእጄ ነው፤ መልሱ ቀላል ነበር። እኔ ግን አለው ማለትም የለውም ማለትም አቃተኝና ዝም ብዬ ሻርፑን አንሥቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት። አንድ ወጣት መጥቶ ተቀመጠ።

በመጀመሪያ ተቆጣሁ። በኋላ ግን ልጁ ሁሉም ዝም ባለበት ቦታ ብቻውን መሣቅ ጀመረ፤ መጋረጃው ሲዘጋም ሳላውቀው ወደ እኔ ዞሮ «ሴትዮዋ በሩን ክፍት ትታ የሄደችው ለምንድን ነው?» አለኝ። እናቴ በቴአትር መካከል እንዲህ ያለ ጥያቄ እየጠየቀች ስንት ጊዜ አሳፍራኛለች! እየተነጋገርን እስከ መንገዱ ድረስ ወጣን። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛውን ትኬት ሆን ብዬ እገዛለሁ፤ ትኬት አልቆበት በር ላይ ለቆመ ሰው እሰጠዋለሁ፤ ለምን እንደምሰጠውም አልነግረውም።

መልስ፦ ከ«ተጠራጣሪ»

ከላይ ከተጻፈው ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ባለፈው ልማድ ታስሮ መሄድ ግዴታ ሊሆንብዎት አይገባም፤ ፌስቲቫሉ ለከርሞም ይመጣል። እኔ አባቴ በሞተ በሦስተኛው ወር በግድ ሄጄ በሦስት ቀን አምስት ቴአትር አየሁ፤ ዛሬ የአንዱን እንኳ ታሪክ ልነግርዎት አልችልም። መሄድዎ ካልቀረ ደግሞ የመክፈቻውን ምሽት ይተዉት። ምክንያቴ የቴአትሩ ጭብጥ አይደለም፤ በየዓመቱ ሁለታችሁን አብራችሁ የሚያዩ፣ የሆነውን ግን ያልሰሙ ሰዎች በዚያ ምሽት ይሰበሰባሉ። «አባትዎስ ዘንድሮ የት ቀሩ?» የሚለውን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቀኝ ፕሮግራም የሚያድል ልጅ ነበር፤ እኔም ያልተዘጋጀሁበት ስለሆነ «አሞታል» ብዬ ዋሸሁ። አጭር መልስ በልብዎ ይዘው ይሂዱ።

መልስ፦ ከ«የታሪክ አንባቢ»

የእርስዎ ጥያቄ ከቴአትር ፌስቲቫል ጋር እኩል ዕድሜ ያለው ይመስለኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት በአቴንስ ታላቁ ዲዮኒሲያ የሚባለው በዓል ሲከበር፣ አሳዛኞቹ ተውኔቶች ከመታየታቸው በፊት፣ አባቶቻቸው በጦርነት የሞቱባቸውና በከተማይቱ ወጪ ያደጉ ልጆች ለአካለ መጠን ሲደርሱ ሙሉ የጦር ልብስ ለብሰው በተመልካቹ ፊት ይቀርቡ፣ ከዚያም በክብር ወንበር ይቀመጡ ነበር። አባት የሌላቸው ልጆች ከፊት ተቀምጠው ስለ አባትና ልጅ የተጻፈ ተውኔት ያያሉ ማለት ነው። (በዓሉ ከተማይቱ ኃይሏን የምታሳይበትም ስለነበር ነገሩን ንጹሕ ርኅራኄ ብቻ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም።)

የአቴንሱ ተውኔት ጸሐፊ ሶፎክልስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ406 ዓመት ገደማ ከሞተ በኋላ የመጨረሻ ተውኔቱን በ401 ለመድረክ ያበቃው በስሙ የሚጠራው የልጅ ልጁ ነው፤ የተውኔቱም ታሪክ ስለ አንድ ሽማግሌ አባት አሟሟት ነው። ያ የልጅ ልጅ ልምምዱን ምን እየተሰማው እንደ መራ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ከጠያቂው፦ «እርሳስ»

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ትናንት ሦስተኛው ቀን ስለነበር የሆነውን ልንገራችሁ። በምክራችሁ መሠረት የመክፈቻውን ምሽት በሰረዝ አለፍሁት፤ ለኮሜዲው ግን ሁለት ትኬት ገዝቼ አንዱን በር ላይ ለቆመች ተማሪ ሰጠኋት። ኮሜዲው እውነቱን ለመናገር ደካማ ነበር። ተማሪዋም እንደ እኔ አስባ ኖሮ በእረፍቱ ሰዓት አመስግናኝ ሄደች፤ ስለዚህ ሁለተኛው ክፍል ሲጀመር አጠገቤ ያለው ወንበር እኔ ሳልወስን ባዶ ሆነ። አንዱ ተዋናይ ትሪ ይዞ ሲገባ አደናቀፈውና ብርጭቆዎቹን እንደ ምንም አተረፋቸው፤ የተጻፈ ይሁን ድንገት የሆነ አላወቅሁም። ጮክ ብዬ ሣቅሁ። አባቴ ለዚያች ትሪ ሲል ብቻ ቴአትሩን በሙሉ ይከላከልልኝ ነበር። ከበሩ እስክወጣ አልተናገርሁም፤ ከዚያ በኋላ የእኔንም የእሱንም ነጥብ በልቤ እየተከራከርሁ ቤት ደረስሁ።

የጥያቄ ምልክት ያደረግሁበት ነገ ነው። ለእሱ የገዛሁት አንድ ትኬት ነው፤ ከመተላለፊያው ዳር።